ድንኳን ለሐጃ ነፊሳ

አዲስ አበባ፣ ቅዳሜ ማለዳ። የሰፈሩ እድር ዳኛ ጋሽ ወርቅአፈራሁ በተቆለፈው የእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ ስዊድን ተምራ የተመለሰችው የጎረቤታቸው የእትዬ አስካለ ልጅ ምንትዋብ ፊታቸው ቆማለች።

ወርቅአፈራሁ፦ እኮ ንገሪኛ፣ አንቺ ለእነዚህ ሱዳኖች ምናቸው ነሽ?

ምንትዋብ፦ እሱን እኔም ገና አላወቅኩትም። ቁልፉን ይስጡኝና ድንኳኑን እየተሸከምኩ አስብበታለሁ።

ወርቅአፈራሁ፦ ብቻሽን? ምሰሶው እኮ ብረት ነው።

ምንትዋብ፦ እጎትተዋለሁ።

ወርቅአፈራሁ፦ እዚያ ስዊድን ምሰሶ መጎተት ነው ያስተማሩሽ?

ምንትዋብ፦ ጋሼ፣ ቀልዱን ይተዉት። ሐጃ ነፊሳ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል። አሁን እያጠቧቸው ነው፤ ከቀትር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ። ልጃቸው እድሪስ ከመቃብር ሲመለስ ለቅሶ የሚደርሰውን ሰው የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

ወርቅአፈራሁ፦ ግቢያቸውስ?

ምንትዋብ፦ አከራያቸው በጄ አላለም። «እኔ ግቢ ውስጥ ለቅሶ አይሆንም፣ ሣሩን ይረግጡብኛል» ብሏል።

ወርቅአፈራሁ፦ ጥላዬ እንዲህ አለ?

ምንትዋብ፦ አዎ፣ የእድራችሁ ጸሐፊ ጥላዬ።

ወርቅአፈራሁ፦ ኪራዩን ሲቀበል ሣሩ ትዝ አላለውም?

ምንትዋብ፦ እንግዲህ ድንኳኑ መንገድ ዳር፣ በራፋቸው ላይ ይተከላል።

ወርቅአፈራሁ፦ አይተከልም። የእድር ድንኳን ለእድርተኛ ነው። ደንቡን እኔ ብቻዬን አላወጣሁትም።

ምንትዋብ፦ እድርተኛ ለመሆን ጠይቀው ነበር እኮ። ጉባኤው ምን አለ? «ቆይ እንያቸው።»

ወርቅአፈራሁ፦ ታዲያ ሰው መታየት የለበትም?

ምንትዋብ፦ ታዩ፤ ሞቱ። ከዚህ ወዲያ ምን ያሳዩ?

ወርቅአፈራሁ፦ አፍሽ ቁርጥ አባትሽን! ስሚ ልጄ፣ እኔ ሱዳን የሚባል አልጠላም። ግን ሰዉ የሚለውን አንቺም ትሰሚያለሽ። የቤት ኪራይ ሰማይ የነካው እነሱ ከመጡ ወዲህ ነው። አመሻሽ ላይ ሱቁ በራፍ ወንበር ደርድረው ሻይ ሲጠጡ ማለፊያ የለም። አማርኛ አይለምዱም። ነገ የካናዳ ቪዛ ሲመታላቸው ደግሞ ሻንጣቸውን አንስተው ውልቅ ነው። መንገደኛ እድር ይገባል እንዴ?

ምንትዋብ፦ ኪራዩን ያስወደደው ተከራዩ ነው አከራዩ?

ወርቅአፈራሁ፦ እሱን ጥላዬን ጠይቂው።

ምንትዋብ፦ ይሄን ሁሉ እኮ ስለ እኛ ሲባል በስዊድንኛ ሰምቼዋለሁ። ቋንቋ አይለምዱም፣ ደረጃ ላይ ተሰብስበው ይቀመጣሉ፣ ምግባቸው ይሸታል፣ ነገ ይሄዳሉ። ነገ ሳንሄድ ስንቀር ደግሞ «ለምን አልሄዱም?» ጎረቤት እንዴት ሰላም እንደሚባል የሚያስተምር ኮርስ ሁሉ ነበረን።

ወርቅአፈራሁ፦ ሰላምታ ክፍል ገብተው ይማራሉ?

ምንትዋብ፦ ሰርተፍኬትም አለኝ። ጎረቤቴ ግን ኮርሱን አልወሰደ መሰለኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አልመለሰልኝም። ከላይ ፎቅ ትኖር የነበረችው ሴትዮ መሞቷን ያወቅኩት ሶፋዋን ሲያወርዱት ነው።

ወርቅአፈራሁ፦ አይ ጉድ! የጮኸ ሰው የለም?

ምንትዋብ፦ ሊፍቱ ነው የጮኸው።

ወርቅአፈራሁ፦ ይኸዋ! እኛን ከእነዚያ ጋር ልታመሳስይን? እዚህ እኮ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ ሰፈር ይነቃል።

ምንትዋብ፦ ዛሬ ማለዳ ጥሩንባ ሰሙ?

ወርቅአፈራሁ፦ እድርተኛ አይደሉማ።

ምንትዋብ፦ እንግዲያው እኛ ከዚያ ሊፍት በምን ተሻልን? እሱስ ጮኸ።

ወርቅአፈራሁ፦ ተይ እንጂ! ደሞ አንቺ ራስሽ ለቅሶ ታውቂበታለሽና ነው? የባለቤቴ የብርቄ ለቅሶ ላይ አበባ በላስቲክ ጠቅልለሽ፣ ካርድ ሰክተሽበት መጣሽ። እህቴ «የማን ልደት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ምንትዋብ፦ እዚያ እንደዚያ ነው የሚደረገው።

ወርቅአፈራሁ፦ አስካለ በኀፍረት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ዛሬ ደግሞ ስለ ድንኳን ልታስተምሪኝ መጣሽ።

ምንትዋብ፦ አበባዬን ግን ከደጅ አልመለሳችሁትም።

ወርቅአፈራሁ፦ ያንቺ ይለያል። የአስካለ ልጅ ነሽ።

ምንትዋብ፦ እኮ! እኔ ስሳሳት «ረስታው ነው» ትላላችሁ። እነሱ ሲሳሳቱ «አይለምዱም» ይባላሉ።

ወርቅአፈራሁ፦ እሺ፣ የራሳችን ሰዎችስ? ከየቦታው ተፈናቅሎ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር የሚያድረው ስንት አለ? ለእሱ ሳንደርስ ለባዕድ...

ምንትዋብ፦ ለተፈናቃዮቹ ድንኳን ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ?

ወርቅአፈራሁ፦ ...አልሰጠንም።

ምንትዋብ፦ ታዲያ ለምን ያነሷቸዋል? ስማቸው የሚጠራው ለሌላው ለመከልከል ብቻ ነው?

ወርቅአፈራሁ፦ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው ያልፋል። ይልቅ ለእናትሽ እዘኚላት። ጥላዬ ይህን ቢሰማ «አስካለ ከእድሩ ትሰረዝ» ብሎ ይነሳል፤ አውቀዋለሁ። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይቀብራታል? አንቺ፣ በሰርተፍኬትሽ?

ምንትዋብ፦ ነግሬያታለሁ።

ወርቅአፈራሁ፦ ምን አለችሽ?

ምንትዋብ፦ «ባይቀብሩኝ የሚሸተው ለእነሱ ነው» አለችኝ።

ወርቅአፈራሁ፦ በስመ አብ! አስካለ! ድሮም እንዲህ ናት። እሺ፣ አንድ ነገር ግን ሳትዋሺ መልሺልኝ። ይሄ ሁሉ ለሱዳኖቹ ነው ወይስ እዚያ በር ለዘጉብሽ ሰዎች የተረፈሽን ንዴት እኔ ላይ ልትወጪ ነው?

ምንትዋብ፦ አላውቅም።

ወርቅአፈራሁ፦ አታውቂም?

ምንትዋብ፦ ሁለቱም ይሆናል። አንዳንዴ እድሪስን ሳይ ራሴን የማይ ይመስለኛል። ከዚያ ደግሞ፣ ይህ እውነት ከሆነ እሱን ጭራሽ አላየሁትም ማለት ነው እላለሁ። ስመለስ አገሬ ሌላ መስሎኝ ነበር፤ ይሄ ደግሞ ያበሳጨኛል። ግን ሐጃ ነፊሳ የእኔ ልብ እስኪጠራ አይጠብቁም። ከቀትር በኋላ ይቀበራሉ።

ወርቅአፈራሁ፦ ልጄ፣ ሐዘን ለእኔ አትንገሪኝ። ብርቄ ከሞተች ገና ዓመቷ ነው። ግን የማላውቀውን ሰው እንዴት አድርጌ... ሰውየውን በመልክ እንኳ አልለየውም። ደጄን ረግጦ ያውቃል? ለቅሶ ደርሶኛል?

ምንትዋብ፦ ደርሶዎታል እንጂ።

ወርቅአፈራሁ፦ መቼ?

ምንትዋብ፦ በእትዬ ብርቄ ለቅሶ። ሦስቱንም ቀን መጥቷል። ረጅም ነው፤ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ነበር።

ወርቅአፈራሁ፦ ነጭ ጀለቢያ... ቆይ፣ ቆይ። ለማኙን ነው የምትይኝ?

ምንትዋብ፦ የምን ለማኝ?

ወርቅአፈራሁ፦ አንገቴን ደፍቼ በተቀመጥኩበት ሁለት መዳፍ ፊቴ ድቅን አለ። ቀና ብዬም አላየሁ። ከሳህኑ ንፍሮ ዘግኜ መዳፉ ላይ ጨመርኩለት። ንቅንቅ አላለም። አንሶት ነው ብዬ ደገምኩለት። ያኔ በላና ሄዶ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ጨዋ ለማኝ አይቼ አላውቅም ብዬ ለእህቴ ሁሉ ነግሬያታለሁ።

ምንትዋብ፦ ጋሼ! ፋቲሃ ሊቀራልዎ እኮ ነበር! እነሱ አገር ለቅሶ ሲደርሱ ሐዘንተኛው ፊት ቆመው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። ሐዘንተኛውም የራሱን ይዘረጋል። አብረው ይጸልያሉ።

ወርቅአፈራሁ፦ ዱዓ ነበር? እኔ ዱዓ ጠፍቶኝ? ዕድሜዬን ሙሉ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ኖሬ? በዚያች ሰዓት ግን እንኳን ዱዓ ስሜንም አላውቀው። ታዲያ ለምን በላው?

ምንትዋብ፦ የአገሩ ወግ መሰለዋ! እንዲያውም ኋላ የመጡትን ሱዳኖች እሱ ነው ያስተማራቸው። «እዚህ አገር መዳፍህን ስትዘረጋ ስንዴና ሽምብራ ያደርጉልሃል። ዝም ብለህ ትበላለህ፤ ከዚያ ትጸልያለህ።»

ወርቅአፈራሁ፦ ውሸትሽን ነው!

ምንትዋብ፦ ሐጃ ነፊሳ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ኮርስ የወሰድኩት እኔ አበባ ይዤ መጣሁ። ኮርስ ያልወሰደው እሱ የሰጡትን በላ። የማይለምደው የትኛችን ነው?

ወርቅአፈራሁ፦ አትሳቂ... ሁለት እፍኝ እኮ ነው ያስዋጥኩት። ብርቄ ብታየኝ ከሬሳ ሣጥኗ ተነስታ ትቆጣኝ ነበር። ሦስቱንም ቀን አልሽኝ?

ምንትዋብ፦ ሦስቱንም።

ወርቅአፈራሁ፦ የት ተቀምጦ?

ምንትዋብ፦ ድንኳኑ መግቢያ ላይ፣ ዝናቡ የሚገርፈው አግዳሚ ላይ። እዚያ የሚቀመጥ ስላልነበረ ባዶ ሆኖ አገኘው።

ወርቅአፈራሁ፦ ጥላዬ እንኳ በሁለተኛው ቀን ቀረ። ጉንፋን ይዞኛል ብሎ።

ምንትዋብ፦ ጋሼ፣ ቁልፉን።

ወርቅአፈራሁ፦ ጉባኤ ይጠሩብኛል።

ምንትዋብ፦ ይጥሩ።

ወርቅአፈራሁ፦ ከዳኝነቱ ያወርዱኛል።

ምንትዋብ፦ ያውርዱ።

ወርቅአፈራሁ፦ አንቺማ «ያውርዱ» ትያለሽ፣ ምን ቸገረሽ! እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ፀጉሬ ጥቁር ነበር።

ምንትዋብ፦ እንግዲያው እርስዎ አልሰሙም፣ አላዩም። እኔ ቁልፉን ሰበርኩት። ይኸው ድንጋይ።

ወርቅአፈራሁ፦ አስቀምጪው! እኔ ቁጭ ብዬ የእኔን ቁልፍ አንቺ ልትሰብሪ! አስቀምጪ ብያለሁ። ይልቅ እንኪ፣ ስልኬን ያዢ። መነጽሬን ረስቼዋለሁ፤ እድሩ ቴሌግራም ላይ ጻፊልኝ።

ምንትዋብ፦ «ፈቃዳችሁ ቢሆን» ብዬ ልጀምር?

ወርቅአፈራሁ፦ የምን ፈቃድ! ጻፊ። «የጎረቤታችን የእድሪስ እናት ሐጃ ነፊሳ አርፈዋል። ቀብራቸው ከቀትር በኋላ ነው። ድንኳኑን ያወጣሁት እኔ ወርቅአፈራሁ ነኝ። ቅር ያለው ሰው ቅሬታውን ለቅሶ ቤት መጥቶ ይንገረኝ፤ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።»

ምንትዋብ፦ ድንኳኑ ውስጥ?

ወርቅአፈራሁ፦ ታዲያ የት ልጠብቀው? ላኪው።

ምንትዋብ፦ ላክሁት።

ወርቅአፈራሁ፦ ይኸው ቁልፉን ከፈትኩት፤ በይ በሩን ከታች ግፊው፣ ዝጓል። አዎ፣ እንደዚያ። ሸራው ያ ነው፤ መጀመሪያ እሱን እናውጣ። ምን ይላሉ?

ምንትዋብ፦ እያዩት ነው። ጥላዬም አይቶታል። የመለሰ የለም።

ወርቅአፈራሁ፦ ገመዱን ወዲያ በይው፣ እግርሽን ይጠልፍሻል። አሁንስ?

ምንትዋብ፦ አሁንም ምንም።

ወርቅአፈራሁ፦ ስዊድን ቢሆን እንዲህ ያለው ዝምታ ምን ማለት ነው?

ምንትዋብ፦ እምቢ።

ወርቅአፈራሁ፦ እኛ ጋ እንጃ። ወይ ጫማቸውን እያደረጉ ነው፣ ወይ እኔን ሊያወርዱ እየተማከሩ ነው። ስልኩን ኪስሽ ክተቺና የምሰሶውን ጫፍ ያዢ፤ ሰውየው ከመቃብር ሳይመለስ።