በምርቃት ያነሣሁት የቧንቧ ነገር

ጻፊ አንቺ ልጅ፣ ንዴቴ ሳይበርድ! የሰፈራችን ሴቶች የተበላሸውን ቧንቧ ነገር እንዳነሣላቸው ወክለውኝ ንፋስ መውጫ ከተማ ለስብሰባ ሄድኩልሽ። እጄን ባወጣ ባወጣ የሚያየኝ የለም። ለካ ሰዓቱን ሁሉ ለአንድ አትሌት ሰጥተውታል! «ልጅ ሆኜ ውሃ የምቀዳው ሩቅ ወርጄ ነበር። ለዚህ ያበቃኝ እሱ ነው፤ ችግርን ውደዱት!» አይል መሰለሽ? አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ወገቤን ያዝኩ። በጀሪካን ለጎበጠ ወገብ ማን ሜዳሊያ ሰጠ?

አሁንም እጄን እንዳወጣሁ ሰብሳቢው፣ ያው የውሃው ኃላፊ፣ «ሰዓት አልቋል፤ እማማ፣ እርስዎ መርቀው ይዝጉልን» ብሎ ማይኩን አስጨበጠኝ። ምርቃት ደግሞ ማን ያቋርጣል! ተነሣሁ።

«የዚህን ልጅ እግር ይጠብቅልን!»

«አሜን!»

«ቧንቧችንን የሚጠግን ሰው ይላክልን!»

«አሜን!»

«ማስጠገን እየቻለ ዝም ያለ ኃላፊ፣ ውሃውን በገዛ ጀርባው ተሸክሞ ያምጣልን!»

«አሜን!»

ሰብሳቢው የደነገጠው እሱም ከሰው ጋር አሜን ካለ በኋላ ነው። ቧንቧው ይኸው ዛሬም እንደደረቀ ነው። ጻፊው፤ በገዛ አፉ አሜን ብሏል፣ ጀሪካኑን አጥቤ እየጠበቅሁት ነው።