በግንቡ ላይ የቀረችው ቀዳዳ

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሽ አረፋን ልቆጣቸው ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤታቸው ስገሰግስ፣ የሆቴሉ ማዕዘን ላይ ድንገት ተገጣጠምን። ትልቅ የአንሶላ ጥቅል በትከሻቸው ተሸክመው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ይራመዳሉ። «አረፋ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ አንድም በሥራቸው ምክንያት፣ አንድም ሲቆጡ ቶሎ ገንፍለው ቶሎ ስለሚወርዱ።

«ምነው ጋሽ አረፋ፣ ወደ ሆቴሉ መሄድ የሚገባው አንሶላ ከሆቴሉ ይመጣል?» አልኳቸው።

«መለሱብኝ፣ መምህር! ሸተተ ብለው መለሱብኝ። እስከ ሰኞ በደንብ አጥበው ካላመጡ ለጎረቤትዎ እንሰጣለን አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ያጠብኩላቸው ሰዎች! ሆቴሉ ከሄደ እኮ ቤቱን ዘጋሁ ማለት ነው።»

የራሴን አቤቱታ ዋጥ አደረግሁት። አቤቱታዬ ምን እንደነበር ግን አንባቢን አልደብቅም። አብሮኝ ጠመኔ ሲቅም የኖረ ባልደረባዬ ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ። እኔ ነበርኩ የምጠብቀው። ቢሆንም ጋሽ አረፋ ያጠቡልኝን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ሆዴ እያረረ ጥርሴ እየሳቀ፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ልለው ሄድኩ። ሲያቅፈኝ አፍንጫውን ሸብሸብ አደረገ። ሸሚዙ ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ነበር! ከዚያን ቀን ጀምሮ በቅናቴ ማፈር ሲገባኝ በሸሚዙ ስናደድ ሰነበትኩ።

ጥቅሉን ተጋግዘን ግቢያቸው ገባን። ሦስት የሲሚንቶ ገንዳ፣ ስድስት ረድፍ ማስጫ ገመድ፣ በገመዱ ላይ ደግሞ አርባ የሚያህል አንሶላ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። በጎረቤት በኩል አንድ ሰው ተኩል የሚያህል የብሎኬት ግንብ ቆሟል፤ ከሥሩ ገና ያልተገነባ ብሎኬት ተከምሯል። ለእረፍት የመጣችው የወንድማቸው ልጅ እጅጌዋን ሰብስባ ታለቀልቃለች። ኮሌጅ ውስጥ የአካባቢ ጤና የምትማር፣ አፈ ለስላሳ ነገር ግን በዋዛ የማትለቅ ልጅ ናት።

«ደግሞ መለሱት፣ ጋሼ?» አለች።

«ዓይኗ ነዋ! የዚያች የካውያ ዓይን!» ጋሽ አረፋ ጥቅሉን ገንዳው ጠርዝ ላይ ወረወሩት። «ይስሙ፣ መምህር። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ልብስ ስትተኩስ የኖረች ሴት፣ ባሌ ሞተ፣ ልጆቼን ላሳድግ ብላ አጥር ለአጥር ማጠቢያ ከፈተችብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኗ ልብሴ ላይ ነው። ግንብ አቆምኩ፣ አልበቃትም። አሁን ሦስት ድርድር ብሎኬት እጨምርበታለሁ።»

«ግንቡ መቼ አለቀ?» ስትል ልጅቱ ጠየቀች።

«የዛሬ ሦስት ወር።»

«ልብሱስ መሽተት የጀመረው?»

«ግንቡ ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት። አየሽ! ግንቡን ስታይ ባሰባት!»

ሳቄን ለመደበቅ ወደ ገንዳው ዞርኩ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። «ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ እዚህ ግቢ ነፋስ የሚመጣው ከእሷ በኩል ነው። ግንቡ የከለከለው እሱን ነው» አለች።

«ነፋስ! ሠላሳ ዓመት ልብስ ያደረቀችልኝ ፀሐይ ናት። ፀሐይዋ ደግሞ ይችው፣ አናቴን እየበሳችው ነው።»

«ፀሐይማ ውሃውን ከጨርቁ ታስነሣዋለች። የተነሣውን ይዞት የሚሄደው ግን ነፋሱ ነው። የሚወስደው ካጣ እዚያው ያንዣብባል። ጨርቁ ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ስፌቱ ውስጥ ግን እርጥበት ያድራል፤ ከዚያ ይሻግታል።»

«ከራስ በላይ ነፋስ ሲባል አልሰማሽም? ሰው መጀመሪያ ራሱን ነው የሚጠብቅ።»

እኔም የመምህርነት አመሌ ተነሣብኝና ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። «ጋሽ አረፋ፣ ተፈጥሮ፣ ኅብረተሰብና የሰው ልጅ ኅሊና ተነጣጥለው የማይታዩ...»

«መምህር፣ የመጡት ልብስ ሊያሳጥቡ ነው ወይስ ትምህርት ሊሰጡ?» አሉኝ። ፊቴን ወደ ማስጫው አዞርኩ።

እዚያም ዓይኔ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ከዚያ ሁሉ ልብስ መሐል አንዲት የትራስ ልብስ ብቻ ትወዛወዛለች። ለልጅቱ በአገጬ አመለከትኳት። ሄዳ ዳሰሰቻት፣ አሸተተቻት፤ ከዚያ እሷንና ከጎኗ ካለው አንሶላ አንዱን አውርዳ መጣች።

«ዓይንዎን ይጨፍኑልኝና ያሽትቱ፣ ጋሼ።»

እያጉረመረሙ ጨፈኑ። በአንሶላው ፊታቸው ተጨማደደ። የትራሷን ልብስ ስታቀርብላቸው ግን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሳቡ፤ ድምፃቸውም ለሰለሰ። «ይሄ የኔ ነው። የዱሮው የኔ እጅ ሥራ ይሄ ነው። ከየት አመጣሽው?»

እጃቸውን ይዛ ወደ ግንቡ ወሰደቻቸው። የትራሷ ልብስ ከተሰጣችበት ትይዩ፣ በጋሽ አረፋ ዓይን ልክ፣ ብርጭቆ የምታሳልፍ ቀዳዳ ነበረች። ነፋሱ በእሷ በኩል እያፏጨ ይገባል። ከቀዳዳዋ በላይ ያለው ሲሚንቶ በወዝ ጠቁሯል፤ ከሥሯ ያለው መሬት በእግር ተደልድሏል።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለች።

«ግንበኛው ረስቷት ይሆናላ።»

«ግንባሩን እዚህ የሚያስደግፈውም ግንበኛው ነው?»

ሽማግሌው መጀመሪያ ገነፈሉ፤ ለማን እንደሆነ ባልታወቀ ስድብ ግቢውን ሞሉት። ከዚያ ሟሸሹ። «እሺ፣ አያለሁ» አሉ። «በቀን ሁለት ጊዜ ገመዷ ይሞላል። ጠዋት ታሰጣለች፣ ከሰዓት ደግሞ እንደ አዲስ ታሰጣለች። የኔ ደንበኞች ናቸዋ! ቁርስ ሳልበላ እዚህ እቆማለሁ፣ ምሳዬን ትቼ እዚህ እቆማለሁ። ያቃጥለኛል፣ ልጄ። እዚህ ጋ ያቃጥለኛል።» ደረታቸውን በጡጫ መቱ።

የቃጠሎውን ቦታ አውቀዋለሁ። የእኔም እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ያልተዘጋጀሁበትን የዳይሬክተሩን ነገር ከነሸሚዙ ነገርኳቸው። «የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስወጣ የሱን ቢሮ ላለማየት በጓሮ በኩል መዞር ጀምሬያለሁ» አልኩ። ጋሽ አረፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብለው አዩኝ። «እርስዎም? የተማሩት?» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። ካስተማርኩት ትምህርት ሁሉ የሠራልኝ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ልጅቱ ያቺን ፋታ አላባከነችም። «ጋሼ፣ ቅናቱ መጀመሪያ በልብዎ ነበር። ከዚያ ወጥቶ ብሎኬት ሆነ። ብሎኬቱ ነፋሱን አገደ፤ ነፋሱ ሲቀር ልብሱ ሸተተ፤ ልብሱ ሲሸት ሆቴሉ ተቆጣ፤ ሆቴሉ ሲቆጣ ደግሞ ቅናቱ ባሰ። አሁን ተመልሶ ሦስት ድርድር ብሎኬት ሊሆን ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ የሰው ልብ የት ጋ አልቆ ነው ነፋሱ የሚጀምረው?»

ጋሽ አረፋ የግንቡን ሲሚንቶ በመዳፋቸው ዳበሱ። «ዓይኗስ?» አሉ፣ እንደ ልጅ።

«በዚች ቀዳዳ የሚያይ የእርስዎ ዓይን ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ጓዳ ገቡ። ተቀየሙ ብዬ ስሠጋ መዶሻና መሮ ይዘው ወጡ፤ ከብሎኬቱ ክምር ላይ ወጥተው የላይኛውን ድርድር መምታት ጀመሩ። ሦስተኛው ምት ላይ ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ጋሽ አረፋ! በልጆቼ ይዤዎታለሁ፣ አይጨምሩበት!»

«እያፈረሱት ነው!» ብላ ልጅቱ ጮኸች።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳና ካውያ የሚሏት ጎረቤት ገባች። እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው፤ ባልዲ ሙሉ የተጨመቀ ልብስ ይዛለች። ጋሽ አረፋ ከክምሩ ሳይወርዱ መዶሻቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ። ሰላምታዋን አስቀድማ ባልዲውን አስቀመጠች፤ ከዚያ ግንቡን ቀና ብላ አይታ እንዲህ አለች፦

«እውነት ሊያፈርሱት ከሆነ ዕድሜ ይስጥዎ። ይሄ ግንብ ከቆመ ወዲህ ነፋሱ እሱን እየመታ ይመለስና የግቢዬን አቧራ ሁሉ ልብሱ ላይ ያራግፈዋል። ጠዋት ያጠብኩትን ከሰዓት መልሼ አጥባለሁ። እጄን ይዩት እስቲ።» ዘረጋችው። ጣቶቿ በሳሙና ተላልጠው፣ መገጣጠሚያቸው ላይ ተሰነጣጥቀዋል።

ጋሽ አረፋ መዶሻውን ለቀቁት። «ከሰዓት የምታሰጪው... የጠዋቱን ነው?»

«ታዲያ የማንን ነው? ሁለት እጥፍ ደንበኛ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

ሽማግሌው ብሎኬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ምሳቸውን ትተው የቀኑበት ልብስ ራሳቸው በእሷ ላይ የጫኑባት ልፋት ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ በመጨረሻ።

«ሙያ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ግንብ ሲያቆሙብኝ ምን አፍ ይኖረኛል?»

ጋሽ አረፋ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የሲሚንቶ ብናኝ ነው አሉ፤ እኛም እሺ አልን። ባልዲዋን ራሳቸው አንሥተው ልብሱን በራሳቸው ገመድ ላይ ያሰጡላት ጀመር። እስከ ማታ ግንቡ ፈርሶ ወገብ ላይ ደረሰ። ግንቡን ሊያስረዝም የመጣው ብሎኬት ደግሞ ተገልብጦ የእሷ ግቢ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ አቧራው ከመነሻው ቀረ።

ሰኞ ዕለት የሆቴሉ አስተዳዳሪ አንሶላውን አሸተተና ምንም ሳይል ተቀበለ፤ ከሱ ዝምታው ምስጋና ነው። ዛሬ የአንዱ ግቢ ሥራ ሲበዛበት በሌላው ገመድ ያሰጣል። ካውያ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ታጥባለች፤ ከሰዓት ልጆቿን ታስጠናለች። ጋሽ አረፋ ምሳቸውን በሰዓቱ ይበላሉ። አንባቢ ሆይ፣ የልባችን ነገር በልባችን ብቻ ተዘግቶ የሚቀር ከመሰለህ፣ መጥተህ ያንን ግቢ እይ።

እንደገና እንዲያጥቡልኝ የሰጠኋቸውን ሸሚዝ ልቀበል ስሄድ ጋሽ አረፋ ራሳቸው አጣጥፈው ሰጡኝ። አሸተትኩት፤ ነፋስ ነፋስ ይላል።

«እንዲህ ለብሰው ወዴት ነው፣ መምህር?»

«ዳይሬክተሩ ጋ። እንኳን ደስ ያለህ ልለው።»

«ባለፈው ብዬዋለሁ አላሉም እንዴ?»

«ባለፈውማ ሸሚዜ ሸቶት አልሰማኝም» አልኩና፣ የትምህርት ቤቱን ደረጃ በፊት ለፊት በኩል ወጣሁ።