ጭንጫው እንኳ የሌለበት ዕጣ

በጣልያን ጊዜ፣ ከአገሬ ርቄ ጎጃም ስኖር፣ ከደብረ ማርቆስ በተነሣ የጭነት መኪና ላይ መንገዱን ፈርቼ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ስደግም፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገቡ ለተቀመጠው ነጋዴ ሲያወራ ሰማሁ።

“አንዱን በሬዬን ሸጬ የሎተሪ ዕጣ ገዛሁ። ድርሻዬን ልቀበል ነው የምሄድ።”

“ወጣልዎ እንዴ?”

“ለማን ሳይወጣ ይቀራል? መሬት በዕጣ ስንካፈል ባዶ እጁን የሚመለስ የለም። ቢከፋ ቢከፋ ጭንጫው ይደርሰኛል።”

“አባቴ፣ ይኼ እንደ መሬቱ አይደለም። ስንትና ስንት ሺህ ሰው ይገዛና ትልቁ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ይወጣል።”

“የቀረነውስ?”

“ምንም።”

“ጭንጫውም የለ?”

“የለም።”

“ታዲያ የዚያን ሁሉ ሰው በሬ ማን በላው?”

“ዕጣውን የሚያወጡት ናቸዋ።”

“እንግዲያ ቤት የቀረውን በሬ ከምን ጋር ልጥመደው?”

“ከወረቀቱ ጋር ይጥመዱት።”

ተሳፋሪው ሁሉ ሲስቅ፣ እኔ ወሬውን ሳዳምጥ በልቤ የጀመርሁትን አቡነ ዘበሰማያት የት ላይ እንዳቆምሁት ጠፋኝ።