ደወሉ ያልጮኸበት መስመር

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ የወንዙ ማዶ ጠፋ፤ ጀልባውም ቆመ። እኔ ወንዙን ተሻግሮ ባለው ትምህርት ቤት ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን የምሻገረው ጉዳይ ኖሮኝ ሳይሆን ቤት መዋል ስለሚሰለቸኝ ነው። ስለዚህ ጀልባው ቆመ ብዬ አልተበሳጨሁም። በመሻገሪያው አፍ ላይ ካለችው የላማይ ኑድል ቤት ገባሁና እንደ ልማዴ ሾርባ የሌለውን አዝዤ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ታዊ ጃንጥላቸው በነፋስ ተገልብጦ፣ ከራስ እስከ እግራቸው ርሰው ብቅ አሉ። አቶ ታዊ ከመሻገሪያው ጀርባ ባለው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ፋብሪካ የሁለተኛው የመገጣጠሚያ መስመር ፎርማን ናቸው፤ የዝናቡ ወራት ሲያበቃ ጡረታ ይወጣሉ። ላማይ ገና በሩቅ ስታያቸው ከምድጃው አጠገብ የነበረ አንድ ዕቃ በጨርቅ ሸፍና ወደ ጓዳ ይዛ ሮጠች። እሳቸው በመጡ ቁጥር እንዲህ ታደርጋለች። ምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ የሰው ጓዳ የሰው ነው።

ከኋላቸው ፓኒዳ ገባች። ተማሪዬ ነበረች፤ ምህንድስና ተምራ ወደ ሰፈሯ ተመለሰችና እዚያው ፋብሪካ ተቀጠረች። በሥራ ደረጃ እሷ ትበልጣቸዋለች፣ በዕድሜ ደግሞ አባቷ ይሆናሉ። በዚህ የተነሳ «ይቀመጡ» «ኧረ አንቺ ተቀመጪ» እየተባባሉ ትንሽ ቆሙ። ላማይ «ሁለታችሁም ተቀመጡ፣ ቤቱን ውኃ በውኃ አደረጋችሁት» ስትል ነው የተቀመጡት።

«ስለ ገመዱ ልትነግሪኝ ከሆነ ከመብላቴ በፊት ንገሪኝና ይለቅልኝ» አሉ አቶ ታዊ።

«ስለ ገመዱ ነው ጋሼ።»

«አውቄያለሁ። መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን እስቲ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ጃፓን ሄዶ ያየውን አሠራር አምጥቶ በየመስመሩ ላይ፣ ከሠራተኞቹ ራስ በላይ ቢጫ ገመድ አስዘርግቷል። የምትገጣጥመው ሴት ደህና ያልሆነ ነገር ካየች ገመዱን ትስባለች። ደወል ይጮኻል፣ መስመሩ ይቆማል፣ ፎርማኑ መጥቶ ያያል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ልጅም ይገባዋል።

«በሦስተኛው መስመር» አሉ አቶ ታዊ፣ «ደወሉ ሲጮኽ ይውላል፤ የሠርግ ቤት ነው የሚመስለው። በኔ መስመር ግን ገመዱ ከተዘረጋ ጀምሮ አንዴም አልጮኸም። ባለቤቱ ራሱ ለመሸኛዬ ‹ደወሉ ያልጮኸበት መስመር› ብሎ በሰሌዳ አስቀርጾ ሊሰጠኝ ነው። ይህቺ ልጅ ግን እንደ ጥፋት ታየዋለች።»

«ጋሼ፣ እኔ እርስዎን ላሳንስ ፈልጌ አይደለም።»

«ሳትፈልጊ ነው የምታሳንሺኝ?»

ፓኒዳ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «የሦስተኛው መስመር ዕቃ ይሸጣል። የእርስዎ ግን መጋዘን ውስጥ ተከምሯል። ትልቁ ነጋዴ ትዕዛዙን ቀንሷል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። እስከዚህ ወር መጨረሻ ምክንያቱን ካላገኘን መስመሩ ይዘጋል፤ ሴቶቹ ይበተናሉ። እርስዎ በክብር ጡረታ ይወጣሉ። የመስመርዎ ዋንዲስ የት ትሄዳለች? ሦስት ልጆች አሏት።»

ይህን እንደማያውቁ ፊታቸው ላይ አየሁ። ላማይ ያቀረበችላቸውን መብላት ጀምረው ነበር፤ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ምክንያቱማ ስልክ ነው» አሉ ቆይተው። «ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ ከቻይና ያዛል። ዋጋውም ርካሽ ነው። የኛ ዕቃ ምን ሆነ? እስቲ ንገሪኝ፣ በኔ ማራገቢያ ላይ አንድ ሰው ቅሬታ አቅርቧል?»

«አንድም ሰው የለም።»

«ይኸው! ከገዢውም ከሠራተኛዬም ክፉ ቃል የለም። ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው ጋሼ። ይህን ያህል ዕቃ ተሽጦ አንድ ሰው እንኳ የማያጉረመርምበት አገር የት አለ? ደስ ያለው ሰው እኮ ተመልሶ ይገዛል። የኛ ገዢ ግን አያጉረመርምም፣ ተመልሶም አይመጣም።»

አቶ ታዊ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ እኛ ሰውን በሰው ፊት አናዋርድም፤ ያሳደጉን እንዲያ ነው። ሠራተኛዬ ገመድ ስትስብ ምን ማለቷ ነው? ‹ጋሽ ታዊ አላየም፣ ከኔ በፊት ያለችውም ልጅ አበላሽታለች› ማለቷ ነው። ያ ሁሉ ሰው እጁን አጣጥፎ ሲያያት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። ጃፓኖቹ የኛን ይሉኝታ የት ያውቁታል?»

«ኧረ እነሱም ከኛ ባልተናነሰ ያፍራሉ» አለች ፓኒዳ። «ደወሉን የሰቀሉት ለዚያ ይመስለኛል። አፍ ሲያፍር እጅ ይናገር ብለው ነው። ባለቤቱ ጃፓን ያየው ፎርማን ገመዱ በተሳበ ቁጥር መጀመሪያ ‹አመሰግናለሁ› ነው የሚለው። ስለ ጥፋቱ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። የኛ ባለቤት ገመዱን ሲያመጣ ምስጋናውን እዚያው ረስቶት መጣ።»

«እንግዲህ ምስጋናው በሚቀጥለው መርከብ ይመጣል» አሉ አቶ ታዊ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ጋሼ።»

«ያልታመመ ሰው ምን ይደብቃል?»

እውነቱን ለመናገር እስከዚህ ድረስ ፍርዴ ወደ አቶ ታዊ ያደላ ነበር። ፓኒዳ ብልህ ልጅ ናት፣ ግን ወጣት ስለሆነች ነገር ሁሉ ቢነገር ደስ ይላታል። እኔ ብዙ ዓመት ያስተማርኩት ሽማግሌ ፊት ቀስ ማለትን ነው። ሁለቱንም የሚያስታርቅ ቃል እየፈለግሁ ሳለ ነፋሱ የቤቱን የላስቲክ መጋረጃ ገነጠለውና ዝናቡ ምድጃው ላይ ወረደ።

አቶ ታዊ ዘለው ተነሱ። ሥራ ሲያገኙ ደስ የሚላቸው ሰው ናቸው። «ላማይ፣ ማሰሪያ አለሽ?»

«እኔ አመጣለሁ፣ እርስዎ ይቀመጡ!»

«አንቺ ድስትሽን ያዢ» ብለው ጓዳ ገቡ። ላማይ ጭልፋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እኔ መጋረጃውን በወንበር አስደገፍኩት። አቶ ታዊ ጓዳ ውስጥ ቆዩ፤ ማሰሪያ ለመፈለግ ከሚያስፈልገው በላይ ቆዩ። ሲወጡ ማራገቢያ ታቅፈው ነበር። ክንፎቹ አረንጓዴ ናቸው፣ አንገቱ በተቀደደ ሽርጥ ተጠፍንጎ ታስሯል።

«ላማይ፣ ይህ የኛ አይደለም?»

«የእህቴ ነው።»

«እህት የለሽም።»

ላማይ ጭልፋዋን አስቀመጠች። «አምና በጋ ገዛሁት። ወር ሳይሞላው አንገቱ ተሰበረ፣ ወለሉን ሲያናፍስልኝ ይውላል። አሰርኩት። ሲታሰር ደህና ነው» አለች።

«በየቀኑ እዚህ እበላለሁ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ? እንግዳ ሊበላ ከተቀመጠ በኋላ ‹የሠራኸው ዕቃ ተበላሸ› ይባላል? የሚበሉት አይጣፍጥዎትም። እንዳያዩት ብዬ ነው እርስዎ ሲመጡ ጓዳ የማስገባው።»

«ለሸጠልሽ ሰውስ?»

«የሱቁ ልጅ ጨዋ ልጅ ነው። እሱ ምን አጠፋና ልጨቅጭቀው?»

አቶ ታዊ ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሄደ። እዚያ ላይ ትንሽ ነጭ ማራገቢያ እየተሽከረከረች ነበር። ከዚህ በፊት አይተዋት እንደሆነ አላውቅም።

«ይቺስ?»

«በስልክ አዘዝኳት» አለች ላማይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዓሣ ሻጯም አዛለች። የሷም እንደዚሁ አንገቱ ወድቆባት ነው። ለእርስዎ እንዳይነገር ተባብለናል፤ ጡረታ ሊወጡ ስለሆነ።»

በዚህ ጊዜ ፓኒዳ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ሁሉም ነገር ይበላሽ ነበር። ግን ዝም አለች። ለካ ዝም ማለትም ታውቃለች።

አቶ ታዊ ማራገቢያውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ጨርቁን ፈቱ፣ የአንገቱን ብሎን ነቅለው ወደ ብርሃን ያዙት። ጥርሱ ተበልቷል። ጣታቸውን ደጋግመው አሻሹበት። በጣም አዘኑ።

«ይህን ያጠበቀችው ሴት ሲንሸራተት በእጇ ተሰምቷታል» አሉ። «የማይሰማ ነገር አይደለም። ዋንዲ ናት ይህን የምታጠብቀው፤ እጇ ጎበዝ ነው። አውቃዋለች።» ከዚያ ላማይን አዩ፣ ጓዳውን አዩ። «እሷም ከኔ ነው የደበቀችው። እዚህም ከኔ፣ እዚያም ከኔ። እኔ ነኝ ታማሚው፤ እናንተ እንዳልሰማ ታስታምሙኛላችሁ።»

ዝናቡ ሲያባራ ብሎኑን በኪሳቸው ከተው ሄዱ፤ ኑድላቸውን አልጨረሱትም።

የቀረውን የነገረችኝ ፓኒዳ ናት። በማግስቱ ጧት አቶ ታዊ መስመራቸው ላይ በየተራ እየዞሩ «ችግር አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ ሁሉ እጅ እየነሱ «ምንም የለም ጋሼ» አሉ። ዋንዲም «ምንም የለም» አለች። አቶ ታዊ እንደ መሄድ ብለው ቆሙና እጃቸውን ዘርግተው ገመዱን ሳቡት።

ደወሉ ጮኸ። ያን ድምፅ በዚያ መስመር ሰምቶ የሚያውቅ ስላልነበረ አንዳንዶቹ እሳት የተነሳ መስሏቸው ነበር። መስመሩ ቆመ፣ ባለቤቱም ከቢሮው ወጣ። አቶ ታዊ ብሎኑን ከፍ አድርገው፣ «ይህ ከመስመሬ ወጥቶ ጎረቤቴ ቤት ተገኘ። ጥፋቱ የኔ ነው። የምታውቁትን ሁሉ እንድትደብቁኝ አድርጌ አስለመድኳችሁ» አሉ።

ዋንዲ ያን ጊዜ አለቀሰች። ብሎን የሚያቀርበው ሰው ከተለወጠ ወዲህ እንደሚንሸራተት ታውቅ ነበር፤ የባሰውን እየጣለች ሌላውን እንዲይዝ ወረቀት ትጠቀልልበት ነበር። «ታዲያ ምነው?» ሲሏት፣ «ሊወጡ ትንሽ ቀረዎት ጋሼ። ሰሌዳዎን ላበላሽብዎ?» አለች። አቶ ታዊ ሁለት መዳፋቸውን አጋጥመው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለሠራተኛቸው እጅ ነሱ። «አመሰግናለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ብሎኑ የጠየቁት።

ወዲያው ሁሉ ነገር አማረ ብዬ አልዋሽም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደወሉ ሲጮኽ እየዋለ ሥራው ወደ ኋላ ቀረ፣ ባለቤቱም ጥርሱን ነከሰ። ግን ብሎን አቅራቢው ተለወጠ፤ መጋዘን የተከመረው ተፈትቶ እንደገና ተጠበቀ፤ የተበላሸበት ሰው እንዲያመጣ በየሱቁ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሰዉ መጀመሪያ እያፈረ፣ ቆይቶ እየተጋፋ አመጣ። ነጋዴውም ትዕዛዙን መለሰ። መስመሩ አልተዘጋም፣ ዋንዲም ሥራዋ ላይ ናት። ሰሌዳው ግን ቀረ፤ አቶ ታዊ ራሳቸው «ይቅር» አሉ። ይሉኝታን እኔ ዛሬም እወደዋለሁ። ግን ይሉኝታ ሲበዛ ሰውን የሚያከብር መስሎ ብቻውን እንደሚያስቀረው ያን የዝናብ ቀን በዓይኔ አይቻለሁ።

አቶ ታዊ ጡረታ በወጡ ማግስት አዲስ ማራገቢያ ተሸክመው ላማይ ቤት መጡ። እኔም ነበርኩ፣ ፓኒዳም ነበረች። ማራገቢያውን ከምድጃው አጠገብ በራሳቸው እጅ ተከሉት፣ አንገቱን ይዘው ነቀነቁት፤ አልተነቃነቀም። ላማይ ደስ ብሏት በትልቅ ሳህን ኑድል አቀረበችላቸው፤ ሾርባው ሞልቶ ይፈስ ነበር። አንድ ማንኪያ ቀመሱና ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ላማይ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሾርባሽ ጨው ይበዛበታል።»

ላማይ ድስቷን አየች፣ እሳቸውን አየች። «ዛሬ ነው?»

«ባልሽ ከሞተ ወዲህ ነው። እሱ ነበር የሚቀምስልሽ።»

ላማይ ሽርጧን ጠመዘዘች። «ደንበኛው ወዲያኛው መሻገሪያ ወዳለችው ሴት ሲሄድ፣ አዲሱ የገበያ አዳራሽ ነው የወሰደብኝ እል ነበር» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ እርስዎ ሾርባ የሌለውን የሚያዙት ሐኪም ከልክሎኝ ነው ብለውኝ አልነበር?»

እኔ ወንዙን እያየሁ «ብዬ ነበር» አልኩ። ፓኒዳ አፏን በእጇ ያዘች።

ላማይ ድስቱ ላይ ውኃ ጨመረች፣ አማሰለች፣ እስኪፈላ ጠበቀች። በትንሽ ሳህን ቀድታ ፊቴ አስቀመጠችና እጆቿን አጣጥፋ ቆመች።

«ይቅመሱና ይንገሩኝ።»

ቀመስኩ። ሦስቱም ያዩኛል።

«አሁንም ትንሽ ይበዛል» አልኩ።

ላማይ «አመሰግናለሁ» አለችና እንደገና ውኃ ልትቀዳ ሄደች።