ያልወጣው ደረት

በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር፤ ባለጂሙ ዘርጋውና ታላቅ እህቱ ወይንሸት፣ ጎድጓዳ ደረቱን እንዲያቀኑለት ትናንት ቀዶ ጥገና ክፍል የገባው የዘርጋው ልጅ ሚልኪያስ የተኛበት ክፍል በር ላይ ቆመዋል፤ እሷ ፌስታል ይዛለች።

ዘርጋው፦ እትዬ፣ አንቺን ይሰማል። ግቢና «ቀዶ ጥገናውን አንዴ ብቻ ደግመህ ሞክር» በይው። ሌላ ምን አልኩሽ?

ወይንሸት፦ ትናንት ልቡ ቆሞ የተመለሰን ልጅ «ድገም» ልበለው? ክብደት ማንሳት መሰለህ እንዴ?

ዘርጋው፦ ቆመ፣ ቆመ አትበይ! ደረቱን ወደ ውጭ የሚገፋውን ብረት ከአጥንቱ ሥር ሲያስገቡት ልቡን ተጫነው። ወዲያው አወጡት፣ ተመለሰ።

ወይንሸት፦ አነጋገርህን ስሰማ ጎማ የቀየሩለት ነው የሚመስለኝ።

ዘርጋው፦ ዶክተሩ በሌላ መንገድ ይቻል ይሆናል ብሎኛል።

ወይንሸት፦ «ይሆናል»! ለእኔ ደግሞ «ደረቱ መጀመሪያም ብዙ አላስቸገረውም ነበር፤ አባቱ ናቸው ወጥረው የያዙኝ» ነው ያለኝ።

ዘርጋው፦ አባት አይደለሁም? ሰው ፊት ሸሚዙን አውልቆ የማያውቅ ጎረምሳ እኮ ነው!

ወይንሸት፦ የት ያውልቅ? ሲሚንቶ በጣሳ ሞልተህ «ክብደት» በምትልበት ቤት?

ዘርጋው፦ ከዚያ ቤት ስንት ደረት ወጥቷል መሰለሽ!

ወይንሸት፦ አይቼዋለሁ፤ በሩ ላይ አስለኸዋል። ጭንቅላት የለውም እንጂ ደረቱስ ደረት ነው።

ዘርጋው፦ ቀልጂ አንቺ። ደንበኞቼ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? «የልጅህን ሳታወጣ የእኛን ደረት ልታወጣ?» እያሉ ይስቁብኛል!

ወይንሸት፦ እነሱ ስቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አንተ ነህ ብረት ያስገባህበት።

ዘርጋው፦ ለራሱ ብዬ ነው!

ወይንሸት፦ «ደረቴን አሠራልኝ» ብሎህ ያውቃል?

ዘርጋው፦ እሺ ብሎ ፈርሟል።

ወይንሸት፦ አንተ ፊቱ ቆመህ የማይፈርመው ምን አለ? ይልቅ ከትናንት ጀምሮ እዚህ ስትንጎራደድ ለምን አንዴ እንኳ አልገባህም?

ዘርጋው፦ ይረፍ ብዬ ነዋ። ያ ምንድን ነው የያዝሽው? ምግብ ከሆነ ከልክለዋል።

ወይንሸት፦ ጃኬቱ ነው።

ዘርጋው፦ በዚህ ሙቀት?

ወይንሸት፦ ሲነቃ ስለ ልቡ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። «አክስቴ፣ ደረቴ አልወጣም አይደል? አባዬ ሳይገባ ጃኬቴን አምጥተሽ ጣል አድርጊብኝ» ነው ያለኝ። እንካ፣ ያዝ። ራስህ ግባና አልብሰው።