ከ«ፋይን» በኋላ ዝም ነው

ከዱብቲ ወደ ሰመራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ መምህር አንድን የአፋር ጎልማሳ ለአንድ የፈረንጅ ድርጅት የሾፌርነት ቃለ መጠይቅ እንግሊዝኛ ያስጠናዋል።

«ፈረንጁ ‹ሃው አር ዩ?› ሲልህስ?»

«‹ፋይን› እላለሁ። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ መንገድ ላይ ስላገኘሁት ሰው እነግረዋለሁ።»

«አትነግረውም። ‹ፋይን› ብለህ ዝም ነው።»

«ዳጉ ሳልነግረው? የመንገድ ወሬ የደበቀ ሰው እኮ እኛ ዘንድ ውሃ እንደ ነፈገ ነው!»

«እነሱ ዘንድ ደግሞ የሚለፈልፍ ሰው አይቀጠርም፣ አሊ።»

«ወንድሜን ሆስፒታል አስተኝቼው ነው የመጣሁት፣ መምህር።»

«ፋይን።»

«ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»

«ፋይን አልኩህ! ሥራውን ትፈልጋለህ?»

«ለመድኃኒቱም ቢሆን እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያው፣ ሃው አር ዩ?»

«ፋይን።»

«ጎበዝ!»

ወንድሙን ምን እንዳመመው ልጠይቀው ዞር አልኩና ተውኩት።