በአባት በኩል እኩል ሲሆኑ

ማንኩሳ ላይ ለፓርላማ የሚመረጥ ሰው አልቸገረንም፤ አንዱ ከቡሬ፣ አንዱ ከደምበጫ፣ ሁለት መጡልን። እነሱን ደጅ አቁመን ሰንበቴ ቤት ዘር ቆጠራ ገባን። መቼም ለዚህ ሥራ የሚሰንፍ ሰው የለንም። ቆጥረን ቆጥረን፣ ለካ ቅድመ አያታቸው አንድ ሰው ናቸው፤ ከእኛም ጋር ዝምድናቸው እኩል ሆኖ ቁጭ አለ። ሁሉም ሲጨነቅ ጊዜ ሰብሳቢያችን አያ ካሴን፣ "እንግዲህ ስለ መሬት ግብሩ ምን እንዳሰቡ ብንጠይቃቸውስ?" አልኋቸው።

በሐዘኔታ አዩኝ። "ልጄ፣ እዚያ ድረስ ምን አስኬደን? በእናት በኩል ገና መች ቆጠርንና" አሉኝ።

ቆጠርን። በእናቱ የሚቀርበን የቡሬው ሆነና እልል ብለን መረጥነው። ስለ ግብሩ ያሰበውንማ ግብር ሰብሳቢው መጥቶ ነገረን።